ልጅዎን ይዘው ወደ ቴምብር ኤግዚቢሽን

የቴምብር ሰብሳቢዎች ኤግዚቢሽን የስድስት ዓመት ልጅ የሚወሰድበት ቦታ ነው ስል የማያምኑኝ ወላጆች አሉ። የሚታያቸው ጸጥ ያለ አዳራሽ፣ አጉሊ መነጽር የያዙ አዛውንቶችና «አትንካ! ተው! ና ወዲህ!» እየተባለ የሚያልቅ ግማሽ ቀን ነው። ሳይዘጋጁ ከሄዱ በእርግጥም እንደዚያው ይሆናል። ተዘጋጅተው ከሄዱ ግን ለንደን ውስጥ ለልጅ ይህን ያህል የሚሰጥ ቦታ ጥቂት ነው፤ በተለይ ፊደል በመቁጠር ላይ ላለ የሐበሻ ልጅ። የኢትዮጵያን ቴምብር በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ በላዩ የተጻፈውን በራሱ አፍ አንብቦ፣ «የእኔ ነው» ብሎ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ሌላ ገበያ እኔ አላውቅም።

በዋናነት የማወራው ስለ ስታምፔክስ ነው። ስታምፔክስ በኢዝሊንግተን፣ በቢዝነስ ዲዛይን ሴንተር ለአሥርተ ዓመታት ሲካሄድ የኖረ የቴምብር ኤግዚቢሽንና ገበያ ነው። ጥቂት ቀናት ይቆያል፤ ብዙውን ጊዜም ቅዳሜን ይጨምራል። መግቢያው በነፃ ሆኖ ቆይቷል፤ ሆኖም ቀኑንና አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልግ እንደሆነ ከመሄድዎ በፊት በድረ ገጹ ላይ ያረጋግጡ። ሕንፃው ራሱ ለልጅ የሚነገር ታሪክ አለው። በ1862 የተከፈተው ለከብት ትርዒት ነበር፤ በበሬና በበግ ይሞላ የነበረው ይህ አዳራሽ በ1891 ደግሞ የመጀመሪያውን የክራፍትስ የውሻ ትርዒት አስተናግዷል። ገና ሲገቡ «ቀና በል፣ ጣሪያውን እይ» ይበሉት፤ ብረትና መስታወቱ የዚያን ዘመን ነው።

ስንት ዓመት ሲሞላው?

እንደ እኔ ፍርድ አምስት ዓመት ጥሩ መነሻ ነው። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅም ይቻላል፤ ግን ከአርባ ደቂቃ በላይ አይጠብቁ። ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ካለ ለዚያ ቀን አክስት ወይም ጎረቤት ዘንድ ይተዉት፤ የሕፃን ጋሪ እየገፉ በጠባቡ የጠረጴዛዎች መተላለፊያ መሄድ ለእርስዎም ለሌላውም ሰው አስቸጋሪ ነው። ትንሹን መተው ካልተቻለ ሁለት አዋቂ ሆነው ይሂዱ፤ አንዱ ከትልቁ ጋር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሌላው ትንሹን ይዞ ይዞራል።

ቀኑን በተመለከተ ቅዳሜን ይምረጡ። ትምህርት ቤት የለም። ደግሞም በመክፈቻው ቀን ቁም ነገረኛ ገዢዎች ብርቅ ነገር ሌላ ሰው ሳይቀድማቸው ለማግኘት ይሽቀዳደማሉ፤ ነጋዴው ያን ቀን ለልጅ ጥያቄ ጊዜ የለውም። ወደ መጨረሻው፣ ቅዳሜ ሲደርስ፣ ግን ዘና ይላል፤ ስለ አንድ ቴምብር አሥር ደቂቃ ቆሞ የሚያስረዳ ሰው የሚያገኙት ያኔ ነው።

በሳምንቱ ውስጥ በቤት የሚሠራ

ዋናው ሥራ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ልጅ ሺሕ ነገር ያለበት አዳራሽ ውስጥ ዝም ብሎ ሲገባ ዓይኑ ይዋልላል፤ የሚፈልገውን አንድ ነገር አውቆ ሲገባ ግን አዳኝ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ርዕስ ብቻ እንዲመርጥ ያድርጉ። ወፍ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ እግር ኳስ ሁሉም ይሆናል። ቁም ነገሩ ርዕሱ የእሱ መሆኑ ነው፤ እርስዎ የመረጡለት «አስተማሪ» ርዕስ ገና በር ላይ ይሰለቸዋል።

ምርጫ ካቃተው እንስሳትን ይጠቁሙት። በ1919 እ.ኤ.አ.፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ ኢትዮጵያ ያሳተመቻቸው ቴምብሮች ለልጅ የተሠሩ ይመስላሉ፤ ቀጭኔ፣ ነብር፣ አውራሪስ፣ ሰጎን፣ ዝሆን፣ ጎሽ፣ አንበሳ አለባቸው። ከእንስሳቱ ጋር የንግሥቲቱና የአልጋ ወራሹ የራስ ተፈሪ ምስልም አለ። እነዚህን ቴምብሮች የምመክርበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በኋላ እንደገና የታተሙ ቅጂዎች በብዛት ስለተሰራጩ ዋጋቸው ለልጅ ኪስ የሚከብድ አይደለም። የመጀመሪያው እትም ጀርባ ላይ ያለው ሙጫ ነጭና ለስላሳ ሲሆን፣ የቅጂዎቹ ሙጫ ግን ወደ ቡናማ የሚያደላና የተሰነጣጠቀ ነው። ልዩነቱ ለትልቅ ሰብሳቢ ብዙ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ግን ቀጭኔዋን እንጂ ሙጫዋን አይፈልግም፤ ቅጂውን ይግዛ።

ከዚያ ወረንጦ ይግዙለት። ከሁሉም ዕቃ የሚበልጠው ይህ ነው። ለቴምብር የሚሆነው ጫፉ ጠፍጣፋና ለስላሳ የሆነው ነው፤ የቅንድቡ ሹል ስለሆነ ወረቀቱን ይቀድዳል። ቴምብር በጣት የማይያዘው የጣት ወዝና እርጥበት ወረቀቱንና ሙጫውን ስለሚያበላሽ ነው፤ ይህን ምክንያቱን ጭምር ይንገሩት። በሳምንቱ ውስጥ ማታ ማታ ከአሮጌ ፖስታ ላይ የተቆረጡ ቴምብሮችን በወረንጦ እያነሣ ከሳህን ወደ ሳህን እንዲያሸጋግር ያለማምዱት። ኤግዚቢሽኑ ላይ «አትንካ» ከማለት የሚያድንዎ ይህ ልምምድ ነው፤ እጁ የሚሠራው ሥራ ስላለው የማይገባውን አይነካም። ባለ ወረንጦ ልጅ ያየ ነጋዴም ሣጥኑን ራሱ ያቀርብለታል።

ቴምብርን ከፖስታ ላይ ማላቀቅም በቤት የሚሠራ ደስ የሚል ሥራ ነው። ፖስታውን በቴምብሩ ዙሪያ ጠርዝ ትተው ይቁረጡት፤ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ ራሱ ሲለቅ አውጥተው በንጹሕ ወረቀት ላይ በፊቱ ደፍተው ያድርቁት፤ ከዚያ በከባድ መጽሐፍ ሥር ያድርጉት። በኃይል አይላጡት። የአሁኖቹ የእንግሊዝ ተለጣፊ ቴምብሮች ግን በውኃ አይለቁም፤ እነሱን ከነወረቀታቸው መቁረጥና እንዳሉ ማስቀመጥ ነው።

የመጨረሻው ዝግጅት ገንዘብ ነው። አምስት ፓውንድ በሳንቲም ዘርዝረው በራሱ ቦርሳ ይስጡት፤ ካለቀ እንደማይጨመር አስቀድመው ይንገሩትና ቃልዎን ይጠብቁ። የእናት ካርድ ወለል የሌለው ጉድጓድ መስሎ ለሚታየው ልጅ አምስት ፓውንድ ተቆጥሮ መሰጠቱ ትልቅ ትምህርት ነው።

መንገዱ

ቅርቡ የባቡር ጣቢያ በኖርዘርን መስመር ላይ ያለው ኤንጅል ነው፤ ከዚያ በአፐር ስትሪት ጥቂት ደቂቃ በእግር ነው። ኤንጅል በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ረጅሙ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ያለበት ጣቢያ ነው፤ ርዝመቱ 60 ሜትር ገደማ ይሆናል። ለልጅ ይህ ብቻውን ጉዞ ነው። ጋሪ ለያዘ ግን ችግር ነው፤ ጣቢያው አሳንሰር የለውም። ጋሪ ካለዎት እስከ ኪንግስ ክሮስ በባቡር መጥተው፣ በዚያ አሳንሰር ወጥተው፣ በ73 ቁጥር አውቶቡስ እስከ ኤንጅል ይምጡ። ዕድሜያቸው ከ11 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከአዋቂ ጋር ሆነው በምድር ውስጥ ባቡርም በአውቶቡስም በነፃ ይሄዳሉ፤ በባቡሩ ለአንድ አዋቂ እስከ አራት ልጅ ይፈቀዳል።

አዳራሹ ውስጥ

መጀመሪያ ወደ ሽንት ቤት ይሂዱ። ቀጥሎ «ብንጠፋፋ የምንገናኘው እዚህ ነው» የሚሉትን ቦታ በጣት ያሳዩት፤ መግቢያው አጠገብ ያለው የመረጃ ጠረጴዛ ይመረጣል። ስልክ ቁጥርዎን በክንዱ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ። ኮትና ትልቅ ቦርሳ ካለ ትከሻ ላይ አያንጠልጥሉ፤ ሲዞሩ የነጋዴውን ሣጥን ጠርገው የሚጥሉት እነሱ ናቸው። ጭማቂና ብስኩት ከጠረጴዛ አጠገብ በፍጹም አይወጡም።

ከዚያ የልጆች ጠረጴዛ መኖሩን ይጠይቁ። ስታምፕ አክቲቭ ኔትወርክ የሚባለው፣ ልጆችን ከቴምብር ጋር የሚያስተዋውቅ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት፣ በስታምፔክስ ለልጆች ቦታ በማዘጋጀት የታወቀ ነው። በዚያ ቀን ካለ ከዚያ ይጀምሩ፤ ቴምብር በነፃ የሚያድሉ፣ ከልጅ ጋር ማውራት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ቀጥሎ በፔንስ የሚሸጡ ቴምብሮች የሞሉባቸውን ሣጥኖች ይፈልጉ። መስታወት ሥር የተደረደሩትን ውዶቹን ይለፏቸው። ነጋዴው ፊት ወንበር ካለ ልጁን ጭንዎ ላይ አድርገው ይቀመጡ፤ ከመንካቱ በፊት ራሱ «እባክዎ፣ ማየት እችላለሁ?» ብሎ ይጠይቅ። እርስዎ አይጠይቁለት። እኛ ሐበሾች ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ዝም ሲል ጨዋ ነው እንላለን፤ እዚህ ግን ጨዋነቱ ጠይቆ መንካቱ፣ ያየውን በቦታው መመለሱና አመስግኖ መነሣቱ ነው። ይህን በቤት ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫወቱት፤ አባት ነጋዴ ይሁን፣ ልጅ ገዢ።

ዋጋ መከራከር ይቻላል ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። ብዙ ዕቃ በአንድ ላይ ለሚገዛ አዋቂ «ለሁሉም ስንት ያደርጉልኛል?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም። በልጁ ሃያ ፔንስ ላይ ግን አይከራከሩ። ሳንቲሙን ቆጥሮ ይክፈል፣ መልሱን ይቁጠር፣ በቃ።

ገዢዎች የሚሻሙበት የጨረታ ክፍል ካለ አይግቡ። በፍሬም የተሰቀለውን የውድድር ኤግዚቢት ግን ሳያሳዩት አይውጡ፤ ሁሉን ሳይሆን ሦስት ፍሬም ብቻ። አብዛኛው ለአዋቂ ቁመት የተሰቀለ ስለሆነ ልጁን ማንሣት ይኖርብዎታል። አንድ ጥያቄ ይስጡት፦ «የአገር ስም የሌለበትን ቴምብር ፈልግ።» የእንግሊዝ ነው። እንግሊዝ በግንቦት 1840 የመጀመሪያውን ተለጣፊ ቴምብር፣ የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል ያለበትን ጥቁሩን ባለ አንድ ፔኒ፣ ስላወጣች እስከ ዛሬ በቴምብሯ ላይ ስሟን የማትጽፍ ብቸኛ አገር ናት፤ የንጉሡ ወይም የንግሥቲቱ ራስ ይበቃታል።

የኢትዮጵያን ሣጥን መፈለግ

ነጋዴዎች ሣጥኖቻቸውን በአገር ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ቅደም ተከተል ይደረድራሉ። «ኢትዮጵያ» ከሚለው ካጡ «አቢሲኒያ» በሚለው ይፈልጉ፤ አሮጌ አልበሞች በዚህ ስም ያስቀምጡታል። የጣሊያን ቅኝ ግዛቶች የሚለውንም ይመልከቱ። እዚያ ውስጥ በ1936 ጣሊያን ያወጣችው፣ የንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ምስል ያለበት «ኤቲዮፒያ» የሚል ቴምብር ሊያጋጥምዎ ይችላል። ልጁ «ይህ ሰውዬ ማነው?» ይላል። አያድበስብሱት። አገራችንን በጦር የወረረ አገር ንጉሥ ነው፤ የእኛ ንጉሠ ነገሥት ያኔ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ባዝ በተባለች ከተማ በስደት ነበሩ፤ አርበኞቹ ግን ከዱር አልወጡም፤ በ1941 ንጉሠ ነገሥታችን ተመለሱ ብለው በአጭሩ ይንገሩት። ልጅ ይህን ያህል ይሸከማል።

ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ግን የመጀመሪያዎቹን ነው። አፄ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎትን ያቋቋሙት በ1894 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቴምብሮቹ ፓሪስ ታተሙ፤ የቀረጻቸውም ኧዤን ሙሾን የተባለው ፈረንሳዊ ነው። ሰባት ናቸው። አራቱ፣ ከሩብ እስከ ሁለት ግርሽ ያሉት፣ የምኒልክ ምስል አላቸው፤ ባለ አራት፣ ባለ ስምንትና ባለ አሥራ ስድስት ግርሾቹ ደግሞ ዘውድ የደፋ አንበሳ። እንግዲህ ልጅዎን ይዘው የመጡበት ነገር እዚህ ላይ ነው፤ በእነዚህ ቴምብሮች ላይ ያለው ጽሑፍ በአማርኛ ነው። «ኢትዮጵያ» የሚለው በፈረንሳይኛ የታተመባቸው ዘግይቶ፣ በ1901፣ ነው። ስለዚህ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ካለው ሰው ብዙው ዕድሜውን ሙሉ ቴምብር ሲሰበስብ የኖረ ሊሆን ይችላል፤ ይህቺን ግን ማንበብ አይችልም። ልጅዎ ይችላል። አጉሊ መነጽሩን ይስጡትና ያንብብላቸው። ትንንሾቹ ዋጋዎች በጥቂት ፓውንድ ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ከልጁ አምስት ፓውንድ ላይ ሳይነኩ እርስዎ አንዷን ስጦታ አድርገው ይግዙለት። ከዚህ የተሻለ የአማርኛ ትምህርት ማበረታቻ አላየሁም።

ወረቀት የማይገባው ልጅ

አንዳንዱ ልጅ ሊጨብጠው የሚችለውን ይወዳል። ለእሱ የሳንቲም ትርዒት ይሻላል። እዚያ የሚፈልገው ማርያ ቴሬዛ ብር ነው፤ ቅድመ አያቶቻችን የገበዩበት፣ ወደ 28 ግራም የሚመዝን የብር ገንዘብ። በላዩ የተጻፈው ዓመት ሁልጊዜ 1780 ነው፤ ሆኖም ለብዙ አሥርተ ዓመታት በተለያዩ አገሮች ሲመታ ኖሯል፤ ከ1936 ጀምሮ የተመታባቸው አንዱ ቦታ ያኔ እዚሁ ለንደን የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት የገንዘብ መቺያ ነው። መዳፉ ላይ አኑረው ክብደቱን ይሞክረው። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ሳንቲም አጠገብ አይቀመጥ፤ ወደ አፉ ይከትታል። ገበያ ከመሄድ በፊት መሞከር ከፈለጉ በብሪትሽ ሙዚየም 68ኛው ክፍል የገንዘብ ታሪክ የሚታይበት ነው፤ መግቢያው በነፃ ነው።

መቼ ይውጡ?

ልጁ ደስ ብሎት ሳለ ይውጡ። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። እርስዎ ያላዩት ገና ብዙ ይኖራል፤ ይተዉት፤ ለራስዎ ሌላ ቀን ብቻዎን ይምጡ። ከአዳራሹ ወጥተው በአፐር ስትሪት ትንሽ ሲሄዱ ኢዝሊንግተን ግሪን የምትባል ትንሽ ሜዳ አለች፤ ይሩጥባት፤ የያዙትን ምሳ እዚያ ይብላ። የፖስታ ሙዚየሙን በዚያው ቀን አይጨምሩ። ፊኒክስ ፕሌስ የሚገኘው ይህ ሙዚየም በ2017 የተከፈተ ነው፤ ከ1927 እስከ 2003 ደብዳቤ ያመላልስ በነበረው የምድር ሥር ባቡር ላይ ጎብኚን ያሳፍራል፤ ለትንንሽ ልጆችም ደብዳቤ እየደረደሩ የሚጫወቱበት ክፍል አለው። ለብቻው አንድ ቀን ይገባዋል።

ማታውኑ፣ ሳይተኛ፣ የገዛውን በአልበም ያስቀምጥ። አልበሙ ግልጽ ኪስ ያለው ይሁን፤ ሙጫና ፕላስተር ቴምብር ላይ አይደርሱም። በየቴምብሩ ሥር ያነበበውን ቃል በራሱ እጅ በፊደል ይጻፍ፤ ቢሳሳት አያርሙት፤ በሚቀጥለው ዓመት ራሱ ያያትና ያርማታል።

በሳምንቱም ለአያቱ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ሁለት መስመርም ቢሆን በአማርኛ። ፖስታ ቤት ሲሄዱ በመሣሪያ የታተመ ተለጣፊ ወረቀት እንዳይለጥፉበት፣ እውነተኛ ቴምብር እንዲሰጧችሁ ይጠይቁ፤ አያትም እንደዚሁ ቴምብር ለጥፈው እንዲመልሱ በደብዳቤው ላይ ይለምናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ደብዳቤ በየቤቱ ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው የሚደርሰው፤ ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ደውላችሁ የአያትን ወይም የሚያውቁትን ሰው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ተቀበሉ።